ሳኒታይዘርን በትክክል መጠቀም እንዴት ነው? የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስራዬ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚያገናኝ ነው፣ ገንዘብ እቀበላለሁ ወረቀት እቀበላለሁ፣ ሁሉም ሰው የነካውን የበር እጀታ እኔም እነካለሁ፣ መታጠቢያው ደሞ ሩቅ ስለሆነ በየደቂቃው እየተነሳሁ ልታጠብ ብል ስራ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሳኒታይዘር ከቦርሳዬ አይጠፋም። ግን ብዙ ነገሩ ግራ ያጋባኛል። አንዱ ላይ 60 በመቶ አልኮል ይላል፣ ሌላው ላይ 70፣ ሌላው ላይ 80፣ ጭራሽ የአልኮሉን መጠን ሳይፅፍ 99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል ብቻ የሚልም አለ። እህቴ አልኮሉ በበዛ ቁጥር የተሻለ ነው ትላለች እውነት ነው? ስንት ነው መቀባት ያለብኝ፣ ለስንት ሰከንድስ ነው የማሸው? ሳሙናን ሙሉ በሙሉ ይተካል ወይ?

ሌላው እጄ እየደረቀ ነው፣ በተለይ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቆ ሳኒታይዘር ሲነካው ያንገበግበኛል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ትንሹ ልጄ ነው፣ 3 አመቱ ነው፣ እኔ ስቀባ ካየ እኔም እኔም ብሎ እጁን ይዘረጋል፣ ከዛ እጁ ወዲያው አፉ ውስጥ ነው የሚገባው። ይጎዳዋል ወይስ ችግር የለውም? መኪና ውስጥ ማስቀመጥስ እንዴት ነው፣ በፀሀይ ይፈነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ጠየቅኩ መሰለኝ ግን የምታውቁትን ያህል ንገሩኝ፣ ተባረኩ።

አለሁ፦

ውሃና ሳሙና ካለ ሳሙና ነው፣ ከሌለ ሳኒታይዘር። አልኮሉ 60 በመቶና ከዛ በላይ ይሁን። እጅሽ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ወይ ቅባት ካለ ሳኒታይዘር አይሰራልሽም። ሌላውን ባለሙያዎቹ ይመልሱልሽ።

ነርስ ነኝ፦

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። ይሄ ነገር ቀላል ስለሚመስል ማንም አያስተምረውም፣ ሰው ሁሉ ጠብ አድርጎ ሁለቴ አሸት አሸት አድርጎ ነው የሚሄደው።

ከእህትሽ ልጀምር። አልኮል ሲበዛ የተሻለ ነው የሚለው እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ነው ልክ የሚሆነው። አልኮል ጀርሙን የሚገድለው ፕሮቲኑን ቅርፅ አሳጥቶ ነው፣ የእንቁላል ነጩ ላይ አልኮል ብታፈሺበት ሳይጣድ እንደበሰለ ሆኖ ይነጣል አይደል፣ ጀርሙ ላይም የሚሆነው እንደዛ ነው። በዛ ላይ ብዙ ቫይረስና ባክቴሪያ ከውጭ የስብ ሽፋን አለው፣ አልኮሉ እሱንም ያሟሟዋል። ግን ፕሮቲን እንደዛ እንዲበላሽ ውሃ የግድ ያስፈልጋል። ንፁህ 100 በመቶ አልኮል ውሃ ስለሌለው ስራው ይዳከማል፣ ደሞ ቶሎ ስለሚተን ጀርሙ ላይ ሳይቆይ ይደርቃል። ለዚህ ነው ከ60 እስከ 95 በመቶ ያለው ጥሩ ነው የሚባለው። የአለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ ያወጣው የእጅ ንፅህና መመሪያ ላይ ሁለት አይነት ውህድ አለ፣ አንዱ 80 በመቶ ኤታኖል ሌላው 75 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለቱም ላይ ቆዳ እንዳይደርቅ ትንሽ ግሊሰሪን (1.45 በመቶ) እና ጠርሙሱ ውስጥ የሚገኝ ስፖር (ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርፅ) ካለ እንዲያጠፋ በጣም ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (0.125 በመቶ) ይገባበታል። ስለዚህ 60ም 70ም 80ም ብትገዢ ይሰራል። ከ60 በታች የሆነውን ግን ተይው።

አሁን ዋናው ነገር፣ በኔ እይታ ከፐርሰንቱ ይበልጥ ሰው የሚሳሳተው አቀባቡ ላይ ነው። እጅሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። የምትቀቢው 10 ሰከንድ ሳይሞላ ከደረቀ አንሷል ማለት ነው፣ ጨምሪ። መዳፍሽን ጎድጎድ አድርገሽ ጉድጓዷን እስኪሞላት ድረስ ነው የሚፈሰው፣ ጠብታ አይደለም። ከዛ መዳፍ ለመዳፍ፣ ከዛ አንዱ መዳፍ በሌላው አይበሉባ ላይ ጣቶችሽን እያሰካካሽ፣ በጣቶች መሃል፣ የጣቶችሽን ጀርባ፣ አውራ ጣትሽን በሌላው እጅ ጨብጠሽ እያዞርሽ፣ መጨረሻ ላይ የጣቶችሽን ጫፍ ሰብሰብ አድርገሽ መዳፍሽ ላይ እያሽከረከርሽ። አውራ ጣትና የጣት ጫፍ ሁሌም የሚረሱት ናቸው፣ አስቢው እስኪ፣ የምንነካው በምኑ ነው? በነሱ አይደል እንዴ! ተማሪዎች ሲሰለጥኑ በአልትራቫዮሌት መብራት ስር የሚያበራ ፈሳሽ ቀብተው ሲያዩት ጨልሞ የሚቀረው እነዛው ቦታዎች ናቸው። ቀለበት ካለሽ አውልቂው ወይ ከስሩ በደንብ አዳርሺው፣ ረጅም ጥፍርም እንደዛው ነው።

ሁለት ነገር አትርሺ። እጅሽ በውሃ እርጥብ ከሆነ አልኮሉ ይቀጥናል፣ አድርቀሽ ቀቢ። እና እስኪደርቅ ጠብቂ፣ በሶፍት ወይ በልብስ አትጥረጊው፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብለሽም አታራግቢው። መድረቁ ራሱ ስራው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ የአውራ ጣቱን ነገር እኔ አስቤው አላውቅም። እሺ ሳሙናውስ? ማለቴ ሳኒታይዘር በትክክል ከተቀባሁ ቤት ስገባም መታጠብ አለብኝ ወይ? ባለፈው ሁለቱም ልጆች ተቅማጥና ትውከት ይዟቸው ስለነበር ቤቱን ሁሉ ሳኒታይዘር በሳኒታይዘር ነበር ያደረግነው።

ነርስ ነኝ፦

እህቴ እዛ ላይ ነው ሳሙና የሚለየው። ሳኒታይዘር ባለበት ይገድላል እንጂ ከእጅሽ ላይ ምንም አያነሳም። ሳሙና ደሞ ቆሻሻውንም ቅባቱንም ጀርሙንም ከቆዳሽ አላቆ ውሃው ይዞት እንዲሄድ ያደርጋል፣ የሞተ ይሁን ያልሞተ ግድ የለውም። ስለዚህ አልኮል በደንብ የማይገድላቸው ነገሮች ሲኖሩ ሳሙና ነው የሚያዋጣው። ኖሮቫይረስ የሚባል አለ፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ፣ ከአንዱ የቤት ሰው ወደ ሌላው በጣም ቶሎ የሚሄድ፣ እሱ ያ ቅድም ያልኩሽ የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮል ላይ ጠንካራ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተህዋስም በአልኮል አይሞትም። ሆስፒታል ውስጥ ደሞ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ አለ ስፖር የሚሰራ፣ ስፖሩን አልኮል ምንም አያደርገውም፣ ለዚህ ነው እኛ እንደዛ አይነት ታካሚ ክፍል ስንገባና ስንወጣ ጓንት አድርገን ስናወልቀው በሳሙና የምንታጠበው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚያስመልሰው ወይ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲኖር በሳሙናና በውሃ በደንብ እያሸሽ ታጠቢ፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ ወለሉንና መፀዳጃውን ደሞ በበረኪና፣ እላዩ ላይ ያለውን መመሪያ ተከትለሽ በውሃ አቅጥነሽ። በረኪናና አልኮል ግን አንድ ላይ እንዳታደርጊ አደራ፣ ሲቀላቀሉ መርዛማ ነገር ይፈጥራሉ።

ከሽንት ቤት መልስ፣ ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ፣ ምግብ ከመስራትሽ በፊት፣ ጥሬ ስጋ ከነካሽ፣ አፈር ከነካሽ፣ ሁሌም ሳሙና። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ ቀለም ምናምን ከነካሽም ሳሙና፣ ኬሚካልን ሳኒታይዘር አያጠፋውም። ስራ ቦታ ገንዘብ ተቀብለሽ፣ ሊፍት ነክተሽ፣ የታመመ ሰው ልትጠይቂ ስትገቢና ስትወጪ፣ እዛ ላይ ሳኒታይዘር በጣም ጥሩ ነው። እኛ ሆስፒታል ውስጥ እጃችን የሚታይ ቆሻሻ እስከሌለው ድረስ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስንሄድ በአብዛኛው የምንጠቀመው እሱን ነው፣ ቶሎ ስለሚሰራና አልጋው አጠገብ ስለሚገኝ።

መድኃኒት ቤት የምሰራው፦

ነርሷ በደንብ ብላዋለች፣ እኔ ስለ ጠርሙሱ ልጨምር።

99.9 በመቶ ይገድላል የሚለውን አትይው። እሱ ላብራቶሪ ውስጥ በተመረጡ ጀርሞች ላይ ተሞክሮ የተገኘ ቁጥር ነው፣ ያንቺ እጅ ላይ ያለውን ሁሉ ማለት አይደለም። ጠርሙሱን ገልብጪና ጀርባው ላይ ምን እንደገባበት እዪ። ኤታኖል (ኢታይል አልኮል ተብሎም ይፃፋል) ወይ አይሶፕሮፒል አልኮል (አይሶፕሮፓኖል ተብሎም ይፃፋል) ከነ ፐርሰንቱ ካልተፃፈ እኔ ብሆን አልገዛውም። አልኮል የለውም ተብሎ የሚሸጥም አለ፣ ብዙ ጊዜ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ነው ያለበት፣ ምንም አይሰራም ማለት አይደለም ግን አንዳንድ ጀርሞች ላይ ደካማ ነው፣ አልኮሉ ካለ እሱን ምረጪ።

አሁን በጣም አጥብቄ የምነግርሽ ሜታኖል የሚባለውን ነው። ሜታኖልም አልኮል ነው፣ ሲሸት ከኤታኖል አይለይም፣ መልኩም አንድ ነው፣ ግን መርዝ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀየርና የአይን ነርቭን ያጠፋል፣ ያሳውራል፣ ይገድላልም። በ2020 እ.ኤ.አ በኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር ሲጠፋ ማንም እየተነሳ ማምረት ጀመረ፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሜታኖል የተገኘባቸውን ብዙ ምርቶች ስም ዝርዝር አውጥቶ አትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፣ ጠጥተውት የሞቱና አይናቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። በቆዳ ሲቀባም የተወሰነው ይገባል፣ የባሰው ግን ሲዋጥ ነው። ስለዚህ አምራቹ ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ፅሁፍ የሌለው ወይ ፅሁፉ የተላጠ፣ በሌላ ነገር እቃ ውስጥ ተሞልቶ የሚሸጥ በጭራሽ አትግዢ። በውሃ ጠርሙስ የተሞላ ደሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቤት ውስጥ እየቀላቀሉ መስራት የሚባለውንም እርሱት። መጠኑ ትንሽ ከተዛባ ወይ አይሰራም ወይ ቆዳ ያቃጥላል። የሚጠጣ አልኮልም ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ጠንካራ የሚባሉት መጠጦች እንኳ አብዛኞቹ 40 በመቶ አካባቢ ናቸው።

ቀኑ ያለፈበት ወዲያው መርዝ አይሆንም፣ ግን በየጊዜው ሲከፈት አልኮሉ እየተነነ ይሄዳልና በፅሁፉ ላይ ያለው ፐርሰንት ላይኖረው ይችላል። ሁሌ ክዳኑን ጥብቅ አድርጊ። የጎደለውን በውሃ የሚሞላ ሰው አለ፣ ኧረ በናታችሁ ይሄን አታድርጉ፣ እጃችሁን ያፀዳችሁ ይመስላችኋል እንጂ ምንም አልተደረገም።

የማይገባኝ ነገር፦

እኔ ግን እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ፣ ሳኒታይዘር ማብዛት ጀርሙን አያለማምደውም ወይ? አንቲባዮቲክ ሲበዛ ጀርሙ ይለማመዳል እንደሚሉት። ጎረቤታችን እንደዛ ብላ ልጆቿን ጭራሽ አታስነካቸውም።

ነርስ ነኝ፦

ወንድሜ ጥያቄህ ትክክል ነው ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። አንቲባዮቲክ የሚሰራው የባክቴሪያውን አንድ የተወሰነ ቦታ ለይቶ በመምታት ነው፣ ባክቴሪያው እሷን ቦታ ቀየር ካደረጋት ያመልጣል። አልኮል ግን ሽፋኑንም ፕሮቲኑንም ባንድ ጊዜ ነው የሚያፈርሰው፣ ከዛ ማምለጥ ለጀርሙ በጣም ከባድ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ግን አለ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚገኝ ኢንቴሮኮከስ ፌሺየም የሚባል ባክቴሪያ ላይ የተሰራ፣ አዳዲሶቹ ዘሮች ከድሮዎቹ ይልቅ የቀጠነ አልኮልን ሲቋቋሙ ታይቷል፣ እዛ የሞከሩት 23 በመቶ አይሶፕሮፒል ነበር። ከዚህ የምወስደው ሳኒታይዘር ይቅር የሚል አይደለም፣ በውሃ የቀጠነና በስሱ የተቀባ አልኮል ጥሩ እንዳልሆነ ነው። ቅድም መድኃኒት ቤት ያለው ወንድማችን በውሃ አትሙሉ ያለው ለዚህም ጭምር ይሆናል። ልጆች ግን በየደቂቃው ሳኒታይዘር አያስፈልጋቸውም፣ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ውለው ምግብ ሲቀርብ በሳሙና መታጠብ ይበቃቸዋል።

የእጅ ንፅህና ነገር ሲነሳ ሁሌም የማስበው ሴሜልቫይስ የሚባለውን ሐኪም ነው። በ1847 እ.ኤ.አ ቪየና ውስጥ በማዋለጃ ክፍል የሚሰሩትን ሐኪሞች በክሎሪን ውህድ እጃቸውን አስታጥቦ የእናቶችን ሞት በጣም ቀነሰው፣ በዛን ጊዜ ጀርም የሚባል ነገር ገና በቅጡ አይታወቅም ነበር፣ ብዙ የሙያ ጓደኞቹም አልተቀበሉትም። እጅ እንዲህ ትልቅ ነገር ነው።

የልጅ አባት፦

እህቴ ስለ ልጁ የጠየቅሽው ሳይመለስ እንዳያልፍ። እኔ የአደጋ ጊዜ ህክምና ላይ ነው የምሰራው፣ ቤትም ልጆች አሉኝ።

አንቺ ቀብተሽው፣ እስኪደርቅ አሽተሽለት፣ ከደረቀ በኋላ እጁን አፉ ውስጥ ቢከት አትጨነቂ፣ አልኮሉ ተኗል። እስኪደርቅ ግን እጁን ይዘሽ ቆዪ። የሚያስፈራው ጠርሙሱን ራሱ አግኝቶ ሲጠጣው ነው። ትንሽ ልጅ ከአንድ ሁለት ጉንጭ በላይ ከዋጠ በአልኮል ሊመረዝ ይችላል፣ እንደ ትልቅ ሰው ሞቅ አለው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ በልጅ ላይ የደም ስኳር ይወርዳል፣ ይፈዛል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። እንደዛ ከሆነ እንዲያስመልሰው ብለሽ ጣትሽን አትክተቺ፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ቶሎ ወደ ህክምና፣ ሐኪሙ ምን አይነት አልኮል እንደሆነ ከፅሁፉ ያያል። በፍራፍሬ ሽታና በቀለም የሚሰሩትን ለልጅ ብለሽ አትግዢ፣ የሚበላ ነገር ይመስላቸዋል። ከ6 አመት በታች ያሉ ልጆች ያለ ትልቅ ሰው አይቀቡ፣ ጠርሙሱም እጃቸው የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ቦርሳሽም ጭምር፣ ቦርሳ ከፍቶ መበርበር የሚወድ ልጅ ካለሽ ማለቴ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው አይን ነው። በየህንፃው መግቢያ የሚቆመው በእግር ወይ በእጅ የሚጫን ሳኒታይዘር ለትልቅ ሰው ወገብ አካባቢ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ደሞ ትክክል ፊቱ ላይ ነው፣ ሲጫን ይረጭና አይኑ ውስጥ ይገባል። የአይኑን የፊት ሽፋን ሊያቆስለው ይችላል። ከገባ ወዲያው በንፁህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያፈሰሱ ማጠብ ነው፣ ቢያለቅስም ቢንፈራገጥም አታቁሚ፣ ከዛ ሐኪም ይየው።

እሳት። ይሄን በጥብቅ ያዙልኝ። 70 በመቶ አልኮል ተራ የክፍል ሙቀት ላይ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል፣ ምድጃ ወይ ሻማ ወይ ሲጋራ አጠገብ እጃችሁ ሳይደርቅ እንዳትቀርቡ። የአልኮል ነበልባል ደሞ በብርሃን ውስጥ በደንብ አይታይም፣ እጁ እየነደደ መሆኑን ሰው የሚያውቀው ሲያቃጥለው ነው። ኩሽና ውስጥ እጅ መታጠብ ካስፈለገ ሳሙና ነው፣ ሳኒታይዘር ኩሽና ውስጥ ቦታ የለውም ባይ ነኝ። መኪናን በተመለከተ፣ ፀሀይ ብቻውን አያቀጣጥለውም፣ አልኮል በራሱ እንዲነድ ከ300 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈልገው፣ መኪና እዛ አይደርስም። ግን በሙቀት እንፋሎቱ ጠርሙሱን ይወጥረዋል፣ ያፈሳል፣ አልኮሉም እየተነነ ያልቃል፣ የፈሰሰው አጠገብ ደሞ ሰው ክብሪት ቢጭር አደጋ ነው። ስለዚህ መኪና ውስጥ አታሳድሩት፣ ይዛችሁት ውረዱ።

የሁለት ልጆች እናት፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ ሁላችሁንም፣ የአይኑ ነገር አስደነገጠኝ፣ ልጄ እነዛን ነገሮች ሲያይ ሮጦ ነው የሚሄደው። የእጄ መሰነጣጠቅስ? እና ስልኬን በሱ ብጠርገው ችግር አለው?

ነርስ ነኝ፦

ያንገበገበሽ ቆዳሽ ቀድሞ ስለተሰነጠቀ ነው፣ አልኮሉ ጤናማ ቆዳ ላይ አያቃጥልም። ብዙ ሰው ሲያቃጥለው ሳኒታይዘሩን ትቶ ወደ ሳሙና ይሄዳል፣ ሳሙና ግን የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት ይበልጥ ነው የሚያጥበው፣ በተለይ በሙቅ ውሃ። ግሊሰሪን ያለበት ሳኒታይዘር ከሳሙና ይልቅ ለቆዳ ይሻላል። በሳሙና ታጥበሽ ወዲያው ደሞ ሳኒታይዘር አትቀቢ፣ አንዱ ይበቃል፣ ሁለቱን መደራረብ ቆዳን ይጎዳል እንጂ ጥቅም የለውም። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ በፎጣ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂ እንጂ አትፈግፍጊው። ሽታ የሌለው ቅባት ወይ ሎሽን ከስራ በኋላና ማታ ልትተኚ ስትይ ወፍራም አድርገሽ ተቀቢ። ሳኒታይዘሩ እስኪደርቅ ጠብቀሽ ሎሽን መቀባት ትችያለሽ፣ ሎሽኑ ገና ሳይደርቅ ግን ሳኒታይዘር አትቀቢ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው፣ አለርጂም ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት ቤት የምሰራው፦

ስልኩን የእጅ ሳኒታይዘር አትቀቢው፣ በተለይ ጄሉን፣ ግሊሰሪኑ ስክሪኑ ላይ ይጣበቃል፣ ፈሳሹም በቻርጀር ቀዳዳው ይገባል። 70 በመቶ አይሶፕሮፒል የነከረው መጥረጊያ አለ በፓኬት የሚሸጥ፣ ስልኩን አጥፍተሽ በሱ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ መጀመሪያ ግን የስልክሽ አምራች ምን እንደሚል አንብቢ። ስልኩን ጠርገሽ ስትጨርሺ እጅሽንም አብረሽ አፅጂ፣ እጅ ንፁህ ሆኖ ስልኩ ከቆሸሸ ወዲያው ነው የሚመለስብሽ።